«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው»

 

የዛሬው ርዕሳችን በአደባባይ የሚወራ አይደለም። እህቶቻችን እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ሲመጡ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የሕፃናት ወተት መደርደሪያው አጠገብ ቆመው ይጠብቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ ሽንቴን ያቃጥለኛል» ይላሉ። አንዳንዷ «ብርድ መታኝ መሰል» ትላለች። ወንዶቹማ ጭራሽ አይናገሩም፤ ያለቀ የክኒን ማሸጊያ ከኪሳቸው አውጥተው «ይሄን ስጪኝ» ብቻ ነው የሚሉት። ሐያእ ያማረ ጠባይ ነው። ሕመምን ከሐኪም መደበቅ ግን ሐያእ ሊባል አይገባውም።

ደንበኞቼ «ዶክተር» እያሉ ይጠሩኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ከባንኮኒው ኋላ ከቆምኩ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዛሬ የምጽፈው ጉዳይ ከራሴ ጥፋት ስለሚጀምር ነው።

አንዲት የአራት ልጆች እናት ናት። ከምንሠራበት ሰፈር ብዙ ሳትርቅ ትኖራለች፤ ስኳር የለባትም፤ ጠንካራ ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣችው ሽንቷን እያቃጠላትና ቶሎ ቶሎ እያስወጣት ነበር። ማዘዣ አልያዘችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን ተሻላት፤ በመንገድ ስታልፍ በመስኮት «ጀዛኪላህ» ብላኝ ሄደች። ደስ አለኝ። ከሦስት ወር በኋላ ያው ሕመም መጣ። በዚህኛው ጊዜ «ለወጥ ላድርገው» ብዬ ኖርፍሎክሳሲን ሰጠኋት። እዚህ ላይ ባለሙያ ነኝ ባይዋ ያጠፋሁትን አስተውሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ኖርፍሎክሳሲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የለወጥኩት ስሙንና ማሸጊያውን እንጂ መድኃኒቱን አልነበረም። በመካከሉም ለሳል ከሌላ ቦታ አሞክሲሲሊን ገዝታ እንደወሰደች ኋላ ነግራኛለች።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ባንኮኒውን ተደግፋ ነው የቆመችው። «እህቴ፣ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው መሰለኝ፤ ጠንከር ያለ ስጪኝ» አለችኝ። ትንቀጠቀጣለች፤ ቀኝ ጎኗን በእጇ ይዛለች። ግንባሯን ብነካው ያቃጥላል። «እትዬ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ምንም የለሽም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ» አልኳት። ቅር ብሏት ወጣች። አልሐምዱሊላህ፣ ሄደች። ኢንፌክሽኑ ከፊኛ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ነበርና ተኛች።

ከወጣች በኋላ የሽንት ካልቸሩን ውጤት አምጥታ አሳየችኝ። ምናልባት እንዲህ ያለ ወረቀት ያላያችሁ ብዙዎች ስላላችሁ ላስረዳ። ካልቸር ማለት በሽንቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማንነቱን መለየት ነው። ቀጥሎም የተለያዩ አንቲባዮቲኮችን እያቀረቡ የትኛው እንደሚያጠፋው ያዩታል። ከእያንዳንዱ መድኃኒት ስም ጎን «ኤስ» ከተጻፈ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው፤ «አር» ከተጻፈ ባክቴሪያው ተላምዶታል። በእሷ ወረቀት ላይ አምፒሲሊን «አር»፣ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር «አር»፣ ኮትሪሞክሳዞል «አር»፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን «አር»፣ ሴፍትሪያክሶን «አር»፣ ጄንታማይሲን «አር» ይላል። «ኤስ» የተጻፈባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ናይትሮፉራንቶይን፣ አሚካሲንና ሜሮፔኔም። ናይትሮፉራንቶይን ፊኛ ውስጥ ላለ ኢንፌክሽን ድንቅ ነው፤ ኩላሊት ሥጋ ውስጥ ግን በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሜሮፔኔም በደም ሥር፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ ለዐሥር ቀን ሰጧት። ባለቤቷ የዕቁብ ገንዘቡን ቀድሞ ወስዶ ነው የከፈለው። በጥቂት ክኒን ያልቅ የነበረ ሕመም ነበር።

ያንን ወረቀት ሳነብ ሁለቱ መሥመሮች ላይ ዓይኔ ቆመ። ሲፕሮውን የሸጥኩት እኔ ነኝ።

የለመደው ማን ነው?

«ሰውነቴ ለመደው» የሚለውን ቃል በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ እሰማለሁ። ሰዎች ሲናገሩት ልክ ለቡና ወይም ለጫት ሱስ እንደሚሆነው፣ ሰውነታቸው መድኃኒቱን ደጋግሞ በማግኘቱ የሰለቸው አድርገው ነው። ውድ አንባብያን፣ አንቲባዮቲክን የሚለምደው ሰውነታችን አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። የለመደው ሰውነቴ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በእኔ ብቻ በቀረ። ባክቴሪያው ግን ከእኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ አያቷ ይተላለፋል። በሕይወቷ ሲፕሮ ቀምሳ የማታውቅ ሴት ሲፕሮ የማይነካው የሽንት ኢንፌክሽን ሊይዛት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሽንት ኢንፌክሽንን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከዐሥሩ ሰባቱ ወይም ስምንቱ የእሱ ሥራ ነው። ይህ ፍጥረት ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ በሁላችንም ትልቅ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እዚያ እስካለ ድረስ አይጎዳንም። ችግሩ ከመቀመጫችን ተነሥቶ ወደ ሽንት መውጫ ሲሻገር ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የወንድ ወደ ሃያ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይህ ሕመም የሚይዛቸው በዋናነት በዚህ አፈጣጠር የተነሣ ነው። ስለዚህ እህቶች፣ ይህ ሕመም የንጽሕና ጉድለት ወይም የብልግና ምልክት አይደለም። ባሎችም ይህን ስሙ፤ ሚስቱ ሽንቷን ስላቃጠላት ብቻ የአባላዘር በሽታ ጠርጥሮ ቤት የበጠበጠ ሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ባክቴሪያው የሚኖረው አንጀት ውስጥ ከሆነ፣ የምንውጠው አንቲባዮቲክ ሁሉ፣ ለጉሮሮም ይሁን ለጥርስ ወይም ለተቅማጥ፣ አንጀታችን ውስጥ ያሉትን ያገኛቸዋል። ደካሞቹ ይሞታሉ፤ በተፈጥሯቸው መከላከያ ያላቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ። ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ በየሃያ ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ የተረፉት ጥቂቶች ባዶውን ቦታ ለመሙላት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። መከላከያቸውንም ለራሳቸው ብቻ አይዙትም። ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ የዘር ቁራጭ ላይ ጽፈው ለጎረቤት ባክቴሪያ፣ ለሌላ ዝርያ ጭምር፣ ያቀብላሉ። የፈተና መልስ ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው በቁራጭ ወረቀት እንደሚሾልከው ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለፈው ክረምት ለጉንፋን የተዋጠው አሞክሲሲሊን በዘንድሮው የሽንት ሕመም ላይ የሚታየው።

በአገራችን ደግሞ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባል ነገር አለ። ትኩሳትና ድካም የተሰማው ሰው ክሊኒክ ይገባል፤ በደም ጠብታ ይመረመራል፤ «ሁለቱም አለብህ» ይባላል፤ ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ይዞ ይወጣል። ይህ ምርመራ ዊዳልና ዌል ፌሊክስ የሚባለው ሲሆን ሰውየው ቀደም ሲል በሌላ ነገር ታሞ ከነበረም ሊሳሳት እንደሚችል የታወቀ ነው። በዓመት ሦስቴ «ታይፎይድ» ታከምኩ የሚል ደንበኛ አለኝ። በዓመት ሦስቴ ታይፎይድ አልያዘውም ይሆናል፤ በዓመት ሦስቴ ሲፕሮ ግን በእርግጥ ወስዷል።

በዚያች እናት ወረቀት ግርጌ «ኢኤስቢኤል ፖዘቲቭ» የሚል ማስታወሻ ነበረበት። ይህ ባክቴሪያው የሚያመርተው ኤንዛይም ስም ነው። እንደ መቀስ የፔኒሲሊን ዘሮችንና እስከ ሴፍትሪያክሶን ያሉትን ሴፋሎስፖሪኖች ይቆራርጣል። ሴፍትሪያክሶን ማለት ሰው ሁሉ «ጠንካራው መርፌ» የሚለው ነው። እሱ ሲወድቅ የሚቀረው እንደ ሜሮፔኔም ያለው ነው፤ ሜሮፔኔምንም የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ ከታዩ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ኮሊስቲንን የመሰለ፣ ኩላሊትን የሚጎዳ፣ ሐኪሞች በጭንቅ ጊዜ ብቻ የሚደፍሩት መድኃኒት ነው።

ነገሩ የአንድ ሰፈር ጉዳይ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞቱት ሰዎች 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ገምቷል። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ሰዎች ያለ ሐኪም እየገዙ አነስተኛ መጠን ቢወስዱ ባክቴሪያው እንደሚላመድ አስጠንቅቆ ነበር። ሰማንያ ዓመት አለፈው።

አሮጌ ግን የሚሠሩ

ደስ የሚለው ዜና መድኃኒት የተላመደ የሽንት ኢንፌክሽን ሁሉ መርፌ አይፈልግም። ኢንፌክሽኑ ፊኛ ላይ እያለ ከተያዘ ሁለት አሮጌ መድኃኒቶች አሁንም ብዙ ጊዜ ይሠራሉ። አንዱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለው ናይትሮፉራንቶይን ነው። ሽንት ውስጥ ይከማቻል፤ አንጀት ውስጥ ያሉትን ግን እምብዛም አይነካም፤ በዚህም ባክቴሪያዎች ለዘመናት ብዙም አልተላመዱትም። ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን ይበቃዋል። ኩላሊታቸው ለደከመ፣ ጂ-6-ፒ-ዲ የሚባል ኤንዛይም ለጎደላቸውና ለመውለድ ለተቃረቡ ሴቶች ግን አይሰጥም። ሁለተኛው ፎስፎማይሲን ነው፤ ሦስት ግራም ዱቄት በውኃ በጥብጦ አንዴ ብቻ የሚጠጣ። በ1969 ስፔን ውስጥ የተገኘ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ለይቷቸዋል፤ በቀዳሚነት የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡና ለጭንቅ ቀን የሚቀመጡ። ናይትሮፉራንቶይን ከመጀመሪያው መደብ ነው፤ ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በ2016 ሲፕሮንና ዘመዶቹን ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይሰጡ አሳስቧል፤ ጅማትን፣ ነርቭንና አእምሮን የሚጎዱበት ጊዜ አለና። እኛ ግን የምንጀምረው ከሲፕሮ ነው። እውነቱን ልናገርና እኔ የምሠራበት ቤት ናይትሮፉራንቶይን ለዓመታት አላስገባም ነበር። ለምን ቢባል የሚጠይቅ የለም። ለምን አይጠየቅም ቢባል የሚያዝዝ የለም፤ ሰው ሳይታይ ሲፕሮ ይገዛልና።

አዳዲስም አልጠፉም፤ ጌፖቲዳሲን የሚባል በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሕመም ተፈቅዷል። ለሽንት ኢንፌክሽን በአፍ የሚወሰድ አዲስ ዓይነት አንቲባዮቲክ ሲፈቀድ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር። እኛ ሰፈር እስኪደርስ፣ ደርሶም አቅማችን እስኪችለው ብዬ አልጠብቅም።

አንዴ የያዘው ሁሉ ካልቸር ያስፈልገዋል አልልም። ጤነኛ፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንቷን ቢያቃጥላት ሐኪም በምልክቱና በቀላል የሽንት ምርመራ ሊያክማት ይችላል። ሕመሙ የተመለሰባት ሴት፣ በቅርብ ወራት አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ስኳር ያለበት፣ ወንድ ከሆነ ማንኛውም፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ግን ካልቸር ይሠራላቸው ዘንድ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ትኩሳት ከብርድ ብርድ ጋር፣ የጎን ሕመም ወይም ማስታወክ ካለ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም፤ ሆስፒታል ነው።

ሽንቱ የሚሰጠው የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው፤ ከተዋጠ በኋላ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። አካባቢውን በውኃ ታጥቦ የመጀመሪያውን ሽንት ማፍሰስ፣ የመካከሉን ላብራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ መቀበል ነው። ከቤት የመጣ የመድኃኒት ጠርሙስ አይሆንም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሕመሙ ከበረታ ሐኪሙ ሳይጠብቅ መድኃኒት ጀምሮ ውጤቱ ሲመጣ ያስተካክለዋል።

አንድ የተረሳ ነገር ላክል። ምንም ሳያማቸው «ቼክ አፕ» ብለው ሽንት ሰጥተው «ባክቴሪያ አለብህ» ተብለው ክኒን የሚገዙ አሉ። ምልክት ከሌለ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻውን በአብዛኛው ሰው ዘንድ ሕክምና አይፈልግም፤ ማከሙ ባክቴሪያውን ማሠልጠን ነው። በዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ትለያለች፤ ምልክት ባይኖራትም ትመረመራለች፤ ከተገኘባትም ትታከማለች፤ ወደ ኩላሊት ሊወጣና ያለ ጊዜዋ ሊያስወልዳት ይችላልና።

ከማድቤትና ከውዱእ ቦታ

ይህ ዓምድ የአመጋገብም ነውና ስለምንጠጣው ልናገር። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ሕመሙ የሚመላለስባቸውንና ውኃ በትንሹ ብቻ የሚጠጡ 140 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታተለ። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ጨምረው የጠጡት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ እንደ ልማዳቸው የቀጠሉት 3.2 ጊዜ ታመሙ። ውኃ ማዘዣ አይጠይቅም፤ ማንንም አያላምድም። በገበያ የሚውሉ እናቶቻችን መጸዳጃ ስለሌላቸው ከጠዋት ጀምሮ አለመጠጣትን ብልኃት አድርገውታል፤ ፍርዱ በእነሱ ላይ አይደለም፤ ሴት ነጋዴ የሞላበትን ገበያ ያለ ንጹሕ መጸዳጃ በሠሩት ላይ ነው።

ውዱእ እንዳይፈታ ብለው ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ሽንት የሚይዙም አሉ። ሽንት ወጥሮ ይዞ መስገድ እንደሚጠላ መድረሳ ገና ስንጀምር የተማርነው ነው፤ ለፊኛም አይበጅም። ውዱእ መልሶ ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። ኢስቲንጃእ ስናደርግ እጃችን ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ፤ ሴት ልጆቻችንንም ከሕፃንነታቸው እንዲሁ እናልምዳቸው። ውኃ ብቻ ይበቃል፤ ወደ ውስጥ በሳሙናና በጀርም ማጥፊያ የሚታጠቡ እህቶች ጠባቂ የሆኑትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ከግንኙነት በኋላ ሳይቆዩ መሽናትም ይመከራል። በረመዷን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃውን አንዴ ከመጋት እየከፋፈሉ መጠጣት ይሻላል። ትኩሳት ይዞት በኩላሊት ኢንፌክሽን የታመመ ሰው ደግሞ ሸሪዓ የሰጠውን ፈቃድ ተጠቅሞ አፍጥሮ ቀዷውን ያውጣ፤ «እችለዋለሁ» ብሎ መጋፈጥ ጀግንነት አይደለም።

ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ አብሽ፣ የገብስ ውኃ... ስለ እነዚህ የማልጠየቅበት ቀን የለም። እኔም ቤት አሉ፤ እወዳቸዋለሁ። የገብስ ውኃና አብሽ ቢያንስ ፈሳሽ ናቸው። ነገር ግን ፊኛ ውስጥ የገባን ኢ. ኮላይ አጥፍተው ያድናሉ የሚያሰኝ በቂ ማረጋገጫ የለም፤ በትኩሳት ላይ እየጠጡ ሳምንት መጠበቅ ኩላሊትን ያስከፍላል። ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው አምነን ሳለ መድኃኒቱን በምርመራ መፈለግን እንደ እምነት ማነስ የሚቆጥሩ ወንድሞች ያስገርሙኛል።

ስለ እኛ ስለ ሻጮች

በአገራችን ሕግ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሸጣል። «ሁለት ፍሬ ብቻ ስጪኝ» የሚል አለ፤ የሚሰጥም አለ። ከሁለት ፍሬ ይልቅ ምንም አለመውሰድ ይሻላል። ከዕለታት አንድ ቀን ባለቤቱን «ከእንግዲህ ያለ ማዘዣ አልሸጥም» ብለው «እኛ ባንሸጥ ጎረቤት ይሸጣል፤ ደንበኛ ታባርሪያለሽ» አለኝ። አልተሳሳተም፤ አንዳንዶቹን አባርሬያለሁ። ተቆጥተው የወጡ አሉ፤ «ዘመድ አይደለሽም?» ያለችኝም አለች። በመድረሳ ስለ አማና ስንማር የሰው ገንዘብ መጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን መደርደሪያው ላይ ያለው መድኃኒት ገና ያልታመመው ሰው ንብረት ጭምር ሆኖ ይታየኛል። ጎረቤት መሸጡ የእኔን ሒሳብ አያቀልልኝም።

ከጂዳና ከዱባይ በሻንጣ አንቲባዮቲክ የሚልኩልን ዘመዶችም አሉን። ሳውዲ ዐረቢያ ራሷ ከ2018 ጀምሮ ያለ ማዘዣ መሸጥን በቅጣት እየከለከለች ነው፤ ቅጣቱ እስከ 100 ሺህ ሪያል ይደርሳል። እዚያ የተቻለ እዚህ አይቻልም አልልም። ሻንጣው ውስጥ ቴምር ይብቃ። ቤት የተረፈውን ክኒን ማስቀመጥም ይቅር። ሐኪም ያዘዘውን ቀን ልክ መጨረስ ነው፤ ሦስት ቀን ካለ ሦስት፣ አምስት ካለ አምስት። ማስረዘምም ማሳጠርም የራሳችን ሥራ አይደለም።

የቀረው ገንዘብ ነው፤ ይህንን ሳልነካ ባልፍ ነገሬ ሁሉ የባለጸጋ ምክር ይሆናል። የካልቸር ዋጋ ከአንድ ማሸጊያ ሲፕሮ ብዙ እጥፍ ነው፤ ካልቸር የሚሠራ ላብራቶሪም በየሰፈሩ የለም። እናት በአንድ እጇ ያለው ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሲፕሮውን ብትመርጥ አልፈርድባትም። ግን ጀማዓችን አለ። ከጁሙዓ በኋላ ለታመመ ወንድም መድኃኒት መግዣ መዋጮ ሲጠየቅ ኪሱን የማይፈትሽ የለም። ለላብራቶሪ መዋጮ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። የመስጂድ ኮሚቴዎች በሰደቃ ከሚሰበሰበው ጥቂቱን ለችግረኛ ሕመምተኛ ምርመራ ቢለዩት፣ አንድ ካልቸር ዐሥር ቀን ሜሮፔኔም ያስቀራል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ በሰፈራችን መስጂድ ላሉ ሽማግሌዎች አቅርቤዋለሁ፤ «እንመካከርበታለን» ብለውኛል፤ እየጠበቅሁ ነው።

ያቺ እናት ባለፈው ወር እንደገና አቃጠላት። ትኩሳት አልነበራትም። ወደ እኔ አልመጣችም፤ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለካልቸር ተላከች። ያው «ኢኤስቢኤል» ያለበት ኢ. ኮላይ ነበር፤ ገና ፊኛዋ ውስጥ። ለአምስት ቀን ናይትሮፉራንቶይን ታዘዘላት። ማዘዣውን ይዛ አራት መድኃኒት ቤት ዞራ ከአምስተኛው አገኘች። ወደ እኛ ቤት ስትመጣ «እናንተ ጋ አለ?» አለችኝ፤ የለንም አልኳት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አስገብተናል።